ለጌሩዋ የተመረጠላት ባል

ነገሩ ሁሉ ከመበላሸቱ በፊት፣ በሞሳሌጉንዲ ረግረግ ውስጥ ለአበባ የደረሱ ሁለት የጌሩ ዛፎች ነበሩ። አንዷ ሴት ናት። ቁመቷ ሃያ ስድስት ሜትር ነው፤ ግንዷ ቀጥ ያለ፣ ሥሯ ዓመቱን ሙሉ ከውሃ የማይወጣ። ሌላው ወንድ ነው። ከእሷ ቁልቁል፣ ጅረቱ ወደ አሬካ ዘንባባ እርሻዎቻችን ከመግባቱ በፊት በሚታጠፍበት ቦታ፣ ጠላ እንደጠጣ ሰው ወደ ውሃው አጎንብሶ የቆመ ጠማማ ዛፍ። በሁለቱ መካከል ጎበዝ ልጅ ድንጋይ ቢወረውር ያደርሳል። በየዓመቱ ጥር ላይ ሁለቱም ያብባሉ፤ ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ንቦች የእሱን ብናኝ ወደ እሷ ያመላልሳሉ፤ ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲገባ፣ ፍሬዋ ይወድቃል። ሌላ ጌሩ ያለበት ረግረግ ሁለት ተራራ አልፎ ነው። እነዚያ ንቦች ተራራ አይሻገሩም።

የረግረግ ጌሩ ሌላ ቦታ አይኖርም። ረግረጉ ሲደርቅ እሱም ይሄዳል፤ ረግረጉን ያደረቅነው ደግሞ እኛው ነን። የእኛ አገር ሰው ረግረግ ሲያይ ውሃ አይታየውም፤ የሚታየው ገና ያልተተከለ አሬካ፣ ፍሬው የሚታኘክና የሚሸጥ ዘንባባ ነው። ቦይ ይቆፍራል፣ ውሃውን ያፈሳል፣ ዘንባባውን ይደረድራል፣ ከዚያ ለቤተ መቅደሱ ደወል ይሰጥና ተፈጥሮን አምላኪ ነኝ ብሎ ደረቱን ይነፋል።

እኔ ማንዳኪኒ፣ ዕፅዋት ተምሬ ለዓመታት ካስተማርኩ በኋላ የአባቴን እርሻ ልይዝ ወደ መንደራችን ወደ ሆሳኮፓ የተመለስኩ ነኝ። ከአባቴ እህት፣ ከአክስቴ ከዴቫኪ ጋር እኖራለሁ። ነገሩ ከመበላሸቱ በፊት በነበረው ሰኔ ከሴቷ ዛፍ ሥር መቶ ስልሳ አንድ ፍሬ ቆጥሬ ነበር። ብዙውን ሸርጣንና ዝንጀሮ ቀደሙኝ፤ የተረፈውን ቤት ወስጄ ጥቂት ስዘገይ ደርቆ ሞተ። የጌሩ ዘር ጎተራ አይገባም፤ እርጥብ ሳለ መሬት ካልነካ አለቀለት። በቀጣዩ ዓመት ግን ከሥሯ መረብ ልዘረጋ፣ ፍሬውን በወደቀበት ቀን ልዘራ፣ ችግኙንም ባለቤቶቻቸው አሬካ አልበቅል ብሏቸው በተዉአቸው ሁለት ረግረጎች ልተክል ተዘጋጅቼ ነበር። ባለቤቶቹንም አስማምቻለሁ። የቀረኝ የሴቷ ማፍራት ብቻ ነበር።

ሴቷን ከእኔ በፊት ያወቃት መንግሥት ነው። የደን ሹሙ መጥቶ «ብርቅዬ ዛፍ። መንካት ክልክል ነው» የሚል የብረት ሰሌዳ ሰቀለላት፤ ግንዷ ላይ፣ በአራት ሚስማር። ወንዱ ሰሌዳ አላገኘም። ፍሬ የለውማ።

ጥር ላይ የደን ጥበቃ ሳምንት የሚባለው ሲቃረብ የመንደሩ የዛፍ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ስብሰባው የተደረገው በሊቀ መንበሩ በጋናፓያ ሄግዴ በረንዳ ላይ ነው። ጋናፓያ ከሁላችን የሚበልጥ እርሻ አለው፤ ሲናገርም እርሻውን የሚለካ ያህል ቀስ ይላል። በቀኙ የቤተ መቅደሱ ቄስ ቬንካፓ ባታ፣ በግራው የደን ሹሙ፣ ከኋላው የእህቱ ልጅ ሽሪፓድ ተቀምጠዋል። ሽሪፓድ የመንገድ ኮንትራት የሚይዝ፣ አዲስ የሞተር መጋዝ የገዛና የሚቆርጠው ነገር ያጣ ሰው ነው። አክስቴ ዴቫኪ ከሴቶቹ ጋር በሩ ላይ ቁጭ ብላ የአሬካ ፍሬ ትከትፋለች።

«እሺ እህቴ፣ ለዛፏ ምን ይደረግላት ነው የምትይው?» አለኝ ጋናፓያ።

«ምንም። ውሃውን አትንኩ፤ ሁለቱን ዛፎች አትንኩ።»

«ሁለቱን?»

«ሴቷንና ወንዱን። ጌሩ እንደ ፓፓያ ነው። ሴቱ ለብቻ፣ ወንዱ ለብቻ። ያለ ወንዱ ይቺ ዛፍ አንድ ፍሬ አትሰጥም።»

ቄሱ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ሴት ናት እንዴ?»

«ሴት ናት።»

«በዚህ ዕድሜዋ! በመንደራችን መሬት ላይ! ሳትዳር!»

በረንዳው በአንዴ ተነቃቃ። ይህን አልጠበቅኩም፤ መጠበቅ ግን ነበረብኝ። በእኛ አገር ዛፍ መዳር አዲስ ነገር አይደለም። አሽዋታ የሚባለውን፣ የዋርካ ወገን የሆነውን ቅዱስ ዛፍ ከኒም ጋር ያላጋባ መንደር የለም። ስለ ውሃ ሳወራ ያዛጉ የነበሩ ሰዎች ስለ ሠርግ ሲሰሙ ዓይናቸው በራ።

«ለጥበቃ ሳምንቱ ግሩም ዜና ይሆናል» አለ የደን ሹሙ። «ጋዜጠኞች እጠራለሁ።»

«ጥሩ ነው» አልኩ፣ ነገሩን ልጠቀምበት ብዬ። «መዳር ካለባት ባሏ እዚያው ቆሟል። ጅረቱ መታጠፊያ ላይ። አበባ ብትደረድሩለት አልጠላም፤ እንዳትነኩት እንጂ።»

ቄሱ ጣቱን እያጠፈ መቁጠር ጀመረ። «ሁለቱም የሞሳሌጉንዲ ናቸው?»

«አዎ።»

«አንድ ውሃ ይጠጣሉ?»

«አዎ፣ ታዲያ...»

«አንድ ዘር ናቸው! እህትና ወንድም ናቸው! ማንዳኪኒ፣ የተማርሽ ሴት አይደለሽም? እህትን ለወንድሟ ዳሩ ትይኛለሽ?»

«አባባ፣ ዛፍ ዘር ቆጥሮ አይጋባም።»

«ሁሉ ነገር ዘር አለው። ዘሩን የማይቆጥር ውሻ ብቻ ነው።»

«ደግሞ ያ ጠማማ!» አለ ጋናፓያ። «ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አንድ ፍሬ ሲሰጥ አላየሁም። መካን ነው።»

«ፍሬ የማይሰጠው ወንድ ስለሆነ ነው!»

«እኔም ወንድ ነኝ። አምስት ልጆች አሉኝ።»

ከበሩ በኩል የአክስቴ ቢላዋ ቆመ። «አምስቱን አምጠህ የወለድካቸው አንተ ነህ እንዴ ጋናፓያ? ሳራሳ ትስማህና!»

ሚስቱ ሳራሳ በሻሽዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ወንዶቹ አልሳቁም። ሴቷ ጌሩ ለአሽዋታ እንድትዳር፣ ሙሽራውም ከሌላ መንደር ቤተ መቅደስ፣ ከንጹሕ ዘር እንዲመጣ ተወሰነ። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጠማማውን ማንም እንዳይነካው ቃል እንዲገቡልኝ።

«ማን ይነካዋል?» አለ ጋናፓያ፣ ዝንብ እንደሚያባርር እጁን እያወናጨፈ። «ለምን ይጠቅማል ብሎ?»

እኔም ይህን እንደ ቃል ቆጠርኩት። መረብና የችግኝ ከረጢት ልገዛ ወደ ሲርሲ ከተማ ሄድኩ።

የተመለስኩት በሠርጉ ዋዜማ ነው። ሴቷ ዛፍ ዙሪያ ዳስ ተጥሏል፤ ጭቃው ላይ ቀይ አፈር ተደልድሏል። ጅረቱ መታጠፊያ ላይ ደግሞ ጉቶ አለ። ጌሩ ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ አየር ሲነካው ይጠቁራል፤ ጉቶው ሬንጅ የተቀባ መስሏል። ግንዱ ተወስዷል። ቅርንጫፉ ግን እንዳለ ውሃው ውስጥ ተጋድሟል፤ አበባው አልጠወለገም። ንቦቹ አሁንም ይሠሩበታል። መሞቱን የነገራቸው የለም።

ሽሪፓድን ያገኘሁት ዳሱ አጠገብ፣ ጌሩ ከማይታወቅበት ከደረቁ ሜዳ አገር ካመጣቸው ሠራተኞች ጋር ነው።

«አንተ ነህ የቆረጥከው?»

«አካ፣ መኪና እንዴት ይግባ? የወረዳው ሰዎች በጭቃ ይምጡ?» አካ ማለት ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ሽሪፓድ ሰው ሊያቃልል ሲፈልግ ነው የሚጠራበት። «ደግሞ አጎቴ መካን ነው አለኝ። መካን ዛፍ ቆርጠን መንገድ ብናወጣ፣ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመ ማለት ነው።»

«ግንዱስ?»

«ተፈልጧል። ለነገው ድግስ ማገዶ።»

ዛፉ ቢሞትም ሰዎቹ ሰዎች ናቸውና ወደ ጋናፓያ ሄድኩ። «ጌሩ ማገዶ አይሆንም። ፈሳሹ ቆዳ ይልጣል፤ ጭሱ ከፈሳሹ ይብሳል። ሌላ ማገዶ ፈልጉ» አልኩት።

ጋናፓያ በትዕግሥት፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ፈገግ አለ። «እህቴ፣ ጌሩን አላውቅም መሰለሽ? የሚያቃጥለው የተራራው ጌሩ ነው። እሱ ትኩስ ነው። ይሄኛው ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ውስጥ ነው የቆመው። ውሃ ያላቀዘቀዘው ነገር አለ?»

«በእጅህ ንካው እስቲ።»

«ሠርግ አለብኝ፤ ምን ጊዜ አለኝ?»

ሽሪፓድ ከኋላው «አካ ቀንታ ነው፤ ዛፏ ቀድማት ልታገባ ስለሆነ» አለ። ሁሉም ሳቁ። አግብቼ እንደማላውቅ በመንደሩ የማያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ ስለ ጭስ አንድ ቃል አልጨመርኩም።

ሠርጉ በቀትር ተጀመረ። ሴቷ ዛፍ በግንዷ ላይ አረንጓዴ ሐር ተጠቅልሎላታል፤ እርድ ተቀብታለች፤ ከታችኛው ቅርንጫፏ የብርጭቆ አምባሮች ተንጠልጥለዋል። የብረት ሰሌዳዋ በሐሩ በኩል እንዲታይ ለጨርቁ ቀዳዳ ወጥቶለታል። ሙሽራው በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በጭብጨባና በነጋሪት መጣ። ለክቻለሁ፤ ቁመቱ ስልሳ ሁለት ሴንቲሜትር ነበር። በደለደሉት አፈር ላይ፣ ከሃያ ስድስት ሜትር ሙሽራ ሥር ተተከለ። ቄሱ የጋብቻውን ክር በእሱ ስም ግንዷ ላይ ያሰረው በመሰላል ነው።

የድስቶቹ እሳት ከዳሱ በምዕራብ በኩል ነበር። በወተትና በስኳር የሚሠራው ፓያሳ በትልልቅ ድስት ተጥዷል። እርጥብ የጌሩ ፍልጥ አልነድ ሲል የሽሪፓድ ሰዎች ጋዝ ያርከፈክፉበታል፤ ነበልባሉ ቦግ ይልና ይጠፋል፤ ጭሱ ይቀራል። ከቀትር በኋላ እንደ ሁልጊዜው የባሕሩ ነፋስ ከምዕራብ መጣ። ጭሱን አንሥቶ በክብር እንግዶቹ መካከል አሳለፈው።

የደን ሹሙ ንግግር ላይ ነበር። «ይህ ጋብቻ ሰውና ደን...» አለ፤ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ልቡ ምን ያህል ቢነካ ነው ተባለ። ጋናፓያም አነባ። ቄሱ እያነባ መዝሙሩን ቀጠለ። ጋዜጠኛው የሦስቱን እንባ ፎቶ አነሣ። በማግሥቱም ጋዜጣው ላይ ወጣ።

እኔና አክስቴ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ከሁሉ ርቀን ተቀምጠናል።

«ማንዳ» አለችኝ አክስቴ፣ «እውነተኛው ሙሽራ የቱ ነው? ያ በቆርቆሮ የመጣው ነው?»

«አይደለም።»

«ከድስቱ ሥር የሚነደው ነው?»

«አዎ።»

«እህ። ሠርግ አይቻለሁ፤ ሙሽራውን ለወጥ ማብሰያ ያደረጉበት ግን የዛሬው ነው።»

ሰው በሙዝ ቅጠል ላይ ጠግቦ በላ። ሲመሽ ፊቶች መቅላት ጀመሩ። በነጋታው ከመንደሩ ትልልቅ ሰዎች መካከል ዓይኑ ሙሉ በሙሉ የሚገለጥ ጥቂት ነበር። የጋናፓያ ከንፈር ደበርጃን አክሏል። ሽሪፓድ ፍልጡን በእጁ ያቀበለ ስለነበር ጣቶቹ አልታጠፍ ብለዋል።

በእኛ አገር ጌሩ የተቆጣው ሰው መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ታሬ የሚባል ዛፍ አለ፤ የጌሩን ቁጣ የሚያበርድ እሱ ነው ይባላል። ሰባት ጊዜ ዞረህ ይቅርታ ትጠይቀዋለህ። ከሽፍታው የሚያድን ጊዜ እንጂ ዛፍ አይደለም፤ ሆኖም ያን ጠዋት ኮሚቴው በሙሉ ከቤተ መቅደሱ በስተጀርባ ባለው ታሬ ዙሪያ በሰልፍ ሲዞር፣ ከፊት ቄሱ፣ ቀጥሎ ሊቀ መንበሩ፣ ቀጥሎ በደንብ ልብሱ የደን ሹሙ፣ እኔም ለታሬ ምስጋና አቅርቤያለሁ። የምፈልገው የእነሱን አለመኖር ነበር።

የወንዱ ቅርንጫፍ ገና በሕይወት ነበር። ሥሩ ባይኖርም ውሃ ውስጥ ስለተጋደመ አበባው ብናኝ ያፈስሳል። የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው፦ ያበበውን ቀንበጥ እየቆረጡ፣ ውሃ በሞላ የቀርከሃ ቧንቧ ውስጥ እየሰኩ፣ ሴቷ አናት ላይ መስቀል። የቀረውን ንቦቹ ያውቁበታል። ግን አበባው ቢበዛ ሁለት ቀን ቢቆይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በዚህ ረግረግ ውስጥ ወንድ የለም።

ዛፍ የሚወጣልን ሱክሩ ጋውዳ ነው። የሆሳኮፓን አሬካ ሁሉ የሚያወርድ እሱ ነው፤ ከአንዱ ዘንባባ ወርዶ ወደ ሌላው አይወጣም፤ አናቱን አወዛውዞ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። ሰውነቱን በኮኮናት ዘይት ለውሰን፣ እጁን በጨርቅ ጠቅልለን፣ ሐሩንና አምባሮቹን እንዳይነካ ከጎን በኩል መሰላል አቆምንለት።

«አካ፣ ይሄ ነገር ምን ይባላል?» አለ ቧንቧዎቹን በወገቡ እያሰረ።

«ብናኝ ማድረስ።»

«ለእናቴ እንዲህ ብዬ አልነግራትም።»

ሱክሩ ወጣ። እኔ ከታች ቀንበጥ እቆርጣለሁ፤ አክስቴ ቧንቧ ውሃ ትሞላለች፤ እሱ በገመድ ይጎትታል። አሥራ አራት ቧንቧ በሴቷ የታችኛው አናት ላይ፣ በምሥራቅ በኩል ከተሰቀለ በኋላ ድምፅ ሰማን። ሰባቱ ዙር አልቋል። ኮሚቴው ይቅርታውን ጨርሶ መጥቷል።

«ውረድ!» አለ ጋናፓያ። ቃሉ በከንፈሩ ትልቅነት ሟሽሿል። «ሱክሩ! ውረድ! ያገባች ናት!»

«እኔ አልነካኋትም ጌታዬ!» አለ ሱክሩ ከላይ። «እኔ ተላላኪ ነኝ!»

ጋናፓያ ወደ እኔ ዞረ። «ትናንት ዳርናት። የክሯ ቋጠሮ ገና አልላላም። ዛሬ የሌላ ወንድ አበባ ታመጪባታለሽ? ይሄ ምን ይባላል? ሊቁ ይንገረን! ይሄ ምን ይባላል?»

ቄሱ ዓይኑ ስላልተገለጠ ወደ ድምፁ ዞረ። «ምንዝር ነው» አለ።

ዛፉን ቆርጠው፣ አንድደው፣ በጭሱ ተልጠው፣ አሁን በሬሳው ላይ የሥነ ምግባር ችሎት ያስችላሉ። ልናገር አፌን ስከፍት አክስቴ የያዘችውን ቧንቧ መሬት አስቀምጣ ቀና አለች።

«ቬንካፓ፣ ልጠይቅህ» አለች። ከልጅነታቸው ስለሚተዋወቁ በስሙ ነው የምትጠራው። «ጠማማው ለእሷ ምኗ ነው ያልከው?»

«ምን?»

«በጋናፓያ በረንዳ ላይ ጣትህን እየቆጠርክ። ምኗ ነው?»

ቄሱ ያበጠ ዓይኑን በልብሱ ጫፍ ጠረገ።

«ወንድሟ ነው አላልክም?»

«...ብያለሁ።»

«እህት ከተዳረች በማግሥቱ ወንድሟ አበባ ይዞ ሊጠይቃት ይመጣል አይመጣም? ያንተ እህት ስትዳር አንተ አልሄድክም? ወይስ የአንተም መሄድ ምንዝር ነበር?»

ከኮሚቴው ኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሲስቅ ፊቱ ስላመመው «ውይ!» አለ። ቄሱ ጣቱን እያጠፈ እንደገና ቆጠረ። መጽሐፉ የትም ቢገለጥ ከዚህ የሚያወጣው ገጽ አልነበረውም።

«ወንድም ከሆነ» አለ በመጨረሻ፣ «መጠየቅ ወጉ ነው።»

ጋናፓያ የሚሸነፍ ሰው አይደለም። ሃይማኖት ሲከዳው ሕግን ጠራ። «ጌታው» አለ ለደን ሹሙ፣ «ሰሌዳው ምን ይላል?»

የደን ሹሙ የራሱን ሰሌዳ ለማንበብ ዓይኑን በሁለት ጣት ገለጠ። «መንካት ክልክል ነው።» ከዚያ ውሃው ውስጥ የተጋደመውን ቅርንጫፍ አየ። «ይሄ ደግሞ ያልተፈቀደ የደን ውጤት ነው። የመንግሥት ንብረት ነው። ይወረሳል።»

«ሲቆረጥ የት ነበሩ?» አልኩት።

«ሲቆረጥ ዛፍ ነበር። ሰሌዳ የሌለው ዛፍ አይመለከተኝም። አሁን የደን ውጤት ሆኗል፤ የደን ውጤት ይመለከተኛል።»

ይህን ሲል አልቀለደም። ጠባቂዎቹ ቅርንጫፉን ከነአበባው ቆራርጠው ጂፑ ላይ ጫኑ። ያለ ጓንት ስለነበር በሦስተኛው ቀን እነሱም ታሬውን ዞሩ። ሽሪፓድ ሱክሩ እንዳይወርድ መሰላሉን በክንዱ አቅፎ ወሰደ፤ ይህ ቅጣት መሆኑ ነው። ሱክሩ የቀረችውን አንድ ቀንበጥ ከንቦቹ ጋር ሴቷ አበባ ላይ አራገፈ፤ አናቷን አወዛውዞ ወደ አጠገቧ ዛፍ ተሻገረ፤ ከዚያ ወደ ሌላው፤ እያፏጨ በአሬካ እርሻችን በኩል ወረደ። ኮሚቴው በግማሽ ዓይኑ ወደ ላይ እያየ ቆሞ ቀረ።

ሌሎቹ የአናቷ ክፍሎች ምንም አልደረሳቸውም። ምሥራቁ ብቻ።

ሰኔ ገባ። መጀመሪያ የሞተው ሙሽራው ነው። አሽዋታ ውሃ ላይ የሚቆም ዛፍ አይደለም፤ ይህን በመንደሩ የማያውቅ ሕፃን የለም፤ በሠርጉ ቀን ግን ያስታወሰ አዋቂ አልነበረም። የተደለደለው አፈር በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ታጠበ፤ ሥሩ በሰበሰ፤ በነጭ ጨርቁ እንደተጠቀለለ ወደቀ። ሐሩ በግንዷ ላይ ሻገተ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መረቤ ላይ ፍሬ መውደቅ ጀመረ፤ በምሥራቅ በኩል ብቻ። ሃያ ሦስት ነበር። ሁሉንም በወደቁበት ቀን ዘራሁ። አሥራ ሰባቱ በቀሉ።

ስለ ሃያ ሦስቱ የሰማው ኮሚቴ አዲስ ሰሌዳ ሠራ። «በሆሳኮፓ ሕዝብ በተደረገላት ጋብቻ አማካይነት ፍሬ ያፈራች ብርቅዬ ዛፍ» ይላል። ሰሌዳው በአራት ሚስማር ተመታ። የደን ሹሙ ከሰሌዳው ጋር ፎቶ ተነሣ፤ በዚያው ሥራ ዕድገት አግኝቶ ወደ ከተማ ተዛወረ ሲባል ሰማሁ።

አክስቴ ሰሌዳውን አንብባ ጨርሳ ወደ ጋናፓያ ዞረች። «ሞቶ የወለደ ባል!» አለችው። «በሕይወት እያለህ ከዚህ የተሻለ ምን አደረግክ?»

በቀጣዩ ጥር ሴቷ ዛፍ ከአምናው የበለጠ አበበች። ንቦቹ መጡ፤ ፈለጉ፤ ሄዱ። እኔ ሁለት ተራራ ተሻግሬ ከሌላው ረግረግ የወንድ ቀንበጥ ለማምጣት ለአዲሱ የደን ሹም ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ጉዳዩ ለኮሚቴው ተመራ። ኮሚቴው በጋናፓያ በረንዳ ላይ ተሰበሰበ። ስለ ቀንበጥ አልተነጋገረም። ሽሪፓድ ሁለተኛ ሠርግ ይደረግ አለ፤ መንገዱ ተሠርቷልና ወጪው ይቀንሳል። ቄሱ ተነሥቶ ዛፏ መበለት መሆኗን፣ መበለትም በእኛ ዘር ሁለተኛ እንደማትዳር አስታወሰ። ሁለት ወገን ሆኑ። ክርክሩ ጥርን ጨረሰ፤ አበባው ረገፈ፤ ክርክሩ ቀጠለ። አሁንም አላለቀም።

ዘንድሮ ሰኔ መረቤን እንደ አምናው ከሥሯ ዘርግቼ እስከ ዝናቡ መጨረሻ በየቀኑ አየሁት። ከዛፏ የወደቀ ፍሬ የለም። በችግኝ ጣቢያዬ ካሉት አሥራ ሰባት ችግኞች ሦስቱ ሞተው አሥራ አራቱ ቆመዋል፤ እስኪያብቡ ድረስ ስንቱ ወንድ፣ ስንቱ ሴት እንደሆነ አይታወቅም፤ ረጅሙ አርባ አንድ ሴንቲሜትር ደርሷል።